የሚሞቀው ላፕቶፕ

በደጋዋ ከተማችን በመሐል ሜዳ የጽሕፈት አገልግሎት ልከፍት አስቤ፣ ላፕቶፕ ልገዛ ደብረ ብርሃን ስሄድ አባቴም አብረውኝ ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ላፕቶፖች ቀረቡልን። በመልክ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የፕሮሰሰራቸው ዓይነት ነው። ባለሱቁ «ይሄኛው ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል፤ ያኛው ግን አይሞቅም» አለን። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ያውቃል የተባለውን ሁሉ ስጠይቅ ሰንብቼ ስለነበር፣ የማይሞቀውን ልወስድ ቆርጬ ነው የመጣሁት።

አባቴ ግን በግ ሲገዙ እንኳ ጀርባውንና ላቱን ሳይዳብሱ ዋጋ አይጠይቁም። ሁለቱም ተከፍተው ይቆዩልኝ አሉ። ቆይተው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና መዳፋቸውን ከአንዱ ሆድ ሥር ሰደዱ፤ ከዚያ ከሌላው።

«ይሄን ውሰድ» አሉኝ፣ የሚሞቀውን እያሳዩ።

«አባባ፣ መሞቁ እኮ ጉድለቱ ነው።»

«የት አገር?» አሉኝ።

አባቴን እምቢ ማለት አልችልምና እየተናደድኩ ገዛሁት። በአውቶቡስ ስንመለስም እስከ ቤት ድረስ አኩርፌያቸው ነበር።

ኅዳር ገባና ውርጩ መጣ። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የሚመጣው ሁሉ፣ ሙቅ አየር ከሚወጣበት ከላፕቶፑ ጎን ጣቱን ማሞቅ ጀመረ። ጽፌ ስጨርስም ቶሎ የሚነሳ የለም። ከመንገዱ ማዶ የማይሞቀውን የገዛ ሌላ ጸሐፊ ነበር። የእሱ ይፈጥናል ይባላል፤ እኔም አልክድም።

አንድ ጠዋት ይኸው ሰው መጣ። «እንዴት አደርክ ልልህ ነው» አለኝ። እጁ ግን ከሰላምታው ቀድሞ ከላፕቶፑ ጎን ደርሶ ነበር።