አባባ ያቆዩት ዜማ

አባባ የምላቸው አያቴ በላሊበላ የታወቁ መሪጌታ ነበሩ። የሟች መምህራቸው ዜማ የተቀዳበትን ሲዲ እንደ ዓይን ብሌናቸው ይጠብቁት ነበር። ሳነሳው ካዩኝ «ጠርዙን ያዝ ልጄ፤ ፊቱን በጣትህ አትንካው!» ይሉኛል። አቧራ ሲያርፍበት በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ይጠርጉታል እንጂ እያዞሩ አያሹትም። በየሰዉ እጅ የነበሩት ሌሎቹ ቅጂዎች ግን ተጫጭረው አለቁ።

አባባ ባረፉ በአርባቸው ዕለት ሲዲውን ወደ ኮምፒውተር ልገለብጠው አስገባሁት። «ምናልባት ይህም ተበላሽቶ ይሆን?» ብዬ ፈራሁ። ዜማው አንዴም ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ተሰማ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከሙጃ የመጡ ተማሪያቸውም «የኔታ፣ አደራዎን ተወጡ!» ብለው እያለቀሱ ተነሡና አብረው አዜሙ።

አባባ በማኅሌቱ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ዛሬ ባዶ ነው። ያ ዜማ ግን፣ ተማሪያቸው ቅጂውን ይዘው ስለሄዱ፣ ሙጃ ድረስ ይዜማል።