በክርስትና ስሟ የተመዘገበችው ልጄ

ይህ የደረሰብኝ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ሦስት ወይም አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጋምቤላ ሳለን ነው። ያልረሳሁት ልጄ ስለተረፈች ብቻ አይደለም። ልትጠፋብኝ የነበረው በራሴ አፍ ስለሆነ ነው።

ባለቤቴ መምህር ነው። ከጎሬ ተዛውረን ጋምቤላ ከወረድን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። ትልቁ ልጃችን በወረድን በመንፈቁ በንዳድ ሞተ። የቀረችን ብርቄ ናት፤ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር።

በዚያ ዓመት የእንቅልፍ በሽታን የሚያጠኑ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጡ። በሽታው ከገንዲ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ተራ ትኩሳት ይመስላል፤ እያደር ግን ሰውየው እያንቀላፋ ያልቃል። ሐኪሞቹ ባለፈው ዓመትም መጥተው ነበር። ያን ጊዜ የተሰጣቸው ገንዘብ ደም ለመመርመር እንጂ ለማከም አልነበረም፤ በሽታው የተገኘበት ሰው «አዲስ አበባ ሂድ» ተብሎ ይሰናበት ነበር። አሁን ለምርምሩ አዲስ ገንዘብ ተፈቅዶላቸው፣ መድኃኒት ይዘው፣ ከአገሩም ሰው ቀጥረው ነው የመጡት። ከተቀጠሩት አንዱ ኦሞድ የሚባል አኙዋክ ነበር። ሥራው ቤት ለቤት እየዞረ ሰው መጥራትና ማስተርጎም ነው።

አንድ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘረጉ። የነፍስ አባቴ የሆኑት ቄስ ሰዉ እንዳይፈራ ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። የልጆቹን ጣት እየወጉ ደሙን መስታወት ላይ ይቀባሉ፤ ጸሐፊው ስም ይመዘግባል። ተራዬ ደርሶ የልጅቷን ስም ሲጠይቀኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ወለተ ሥላሴ» አልኩት። የአባቷን ሲለኝም «ገብረ መድኅን» አልኩ። ሁለቱም የክርስትና ስማቸው ነው። ለጸሎት ስም ስንጠየቅ የምንሰጠው ይህንኑ ነው፤ ቄሱ ፊት ቆሜ ስለ ጤና ስጠየቅ ሌላ ስም ከአፌ አልመጣም። ከተማው ውስጥ ግን ልጄን ከብርቄ በቀር፣ ባለቤቴንም ከመምህር ታደሰ በቀር በሌላ ስም የሚያውቅ አልነበረም።

ደሙ ብዙ ስለነበር እዚያ ሊመረመር በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ውጤቱም በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ።

ቅዳሜ ዕለት ጨው ልገዛ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ከድር ከጅማ የመጣ ነጋዴ ነው፣ ጨዋታ ይወዳል። ኦሞድ ወለተ ሥላሴ ገብረ መድኅን የምትባል ልጅ አምጡ እያለ ከትናንት ጀምሮ ከተማውን እንዳዳረሰው ነገረን።

«እኔን ብቻ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ» አለ። «ለአራተኛ ከመጣ እኔ ነኝ ልለው ነው።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ለምን እንደምትፈለግ ከድርም አያውቅም ነበር። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ ድግምት ይሠራበታል እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ አንድ ልጅም ቀብሬአለሁ። ስሟን ለማላውቃቸው ሰዎች አሳልፌ መስጠቴ ገና ያን ጊዜ ታወቀኝ። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ሊያስከፍት ኢታንግ ሰንብቷል። የነፍስ አባቴም ቅዳሴውን ለሌሎች ካህናት ትተው ጎሬ ወጥተዋል። የማማክረው ሰው ስላልነበረኝ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ብርቄ ያን ሰሞን ትኩሳት ይመላለስባት ነበር፤ ንዳድ ነው ብዬ ኪኒን ሰጥቻታለሁ።

በማግስቱ ብርቄን አዝዬ ለቅዳሴ ስሄድ ኦሞድ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆሟል። እንዲህ ያለው ስም የቤተ ክርስቲያን ስም ስለሚመስል እዚያ ሄደህ ጠይቅ ያለው ከድር እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። የሚገቡትን ሴቶች አንድ በአንድ ይጠይቃል። አማርኛን ያወቀው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው። አንዷ «አንተ ካልከኝማ ሱሪውንም ግዛልኝ» ብላው አለፈች። እኔን ሲጠይቀኝ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና፣ «አላውቅም» አልኩት።

ገብቼ ቆምኩ። ነገር ግን በእግዚአብሔር ቤት ደጅ ላይ ዋሽቼ ስለገባሁ ጸሎቱ አልሆንልሽ አለኝ። ብርቄ ጀርባዬ ላይ አንቀላፍታለች፤ ትኩሳቷ አንገቴን ያቃጥለኛል። ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ።

ኦሞድ እዚያው ፀሐይ ላይ ነበር። ልጅቷን ለምን እንደሚፈልጋት ጠየቅሁት። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ነገረኝ።

«ደም ውስጥ በሽታ አለ። ዛሬ ልጅ ይጫወታል። ኋላ ይተኛል፣ አይነሳም። ዶክተር ነገ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ አልተገኘም ብለን እንጻፍ አለ። እኔ አንድ ቀን ስጠኝ አልኩ።»

ከዚያ ብርቄን አየና «አንተ እናቱ ነህ?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት። «ወለተ ሥላሴ ይህችው ናት።»

ለምን ዋሸሽ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «እኛም ጋ ሰው ብዙ ስም አለው» ብሎ ልጄን ከጀርባዬ ተቀበለኝና ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን ቀደመኝ።

ዶክተሩ ጣቷን እንደገና ወግቶ ደሟን በራሱ የማጉያ መሣሪያ አየ። በሽታው አለ። ገና ወደ ጭንቅላቷ ሳይወጣ ስለተገኘ መድኃኒቱ እንደሚይዝላት ነገረኝ። አምና ቢሆን ኖሮ መንገዱን ከማሳየት ሌላ የማደርግልሽ አልነበረም አለ። መርፌው በዚያው ቀን ተጀመረ። እሱ ሰኞ ሲሄድ መድኃኒቱን ለጤና ጣቢያው አስታማሚ ትቶለት በየሳምንቱ እየተወጋች ጨረሰች። መዝገቡ ላይ ከክርስትና ስሟ ጎን «ብርቄ ታደሰ» ብለው ጻፉ።

ባለቤቴ ከኢታንግ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ኦሞድን ፈልጎ ሄዶ እጁን ጨብጦት መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጎሬ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ኦሞድን አላየሁትም፤ ይኑር ይሙት አላውቅም።

ብርቄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ለምርምሩ ያን ገንዘብ የሰጡት ሰዎች እነማን እንደነበሩ የነገረኝ የለም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቃቸዋልና እንዲከፍላቸው እለምናለሁ። የውሸቴን ነገር ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ንስሐዬን ፈጽሜአለሁ። ያም ሆኖ ያን እሁድ ዛሬም አስበዋለሁ። ኦሞድ እኔ «አላውቅም» ካልኩት በኋላ፣ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሊጠብቅ እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር።