«እስኪያባራ» የማን ነው?

መክብብ የሞተ ዕለት ጠዋት የዕድሩ ሊቀ መንበር ሽፈራው ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወጥ ቤት ገብቶ ሬዲዮኑን ማጥፋት ነበር። ሐዘን ቤት ነውና ያደረገው ትክክል ነው። ሚስቱ የነበረችው እታገኝ ሶፋው ጥግ ኩርምት ብላ እያለቀሰች፣ ሽፈራው የሬዲዮኑን ገመድ ነቅሎ በጥንቃቄ ሲጠቀልል አየችው። ባሏ ዕድሜ ልኩን ዘፈን ሲሠራ ኖሮ፣ ሲሞት ከቤቱ መጀመሪያ የተከለከለው ዘፈን ሆነ።

አትላንታ ውስጥ «እስኪያባራ» የሚባለውን ዘፈን የማያውቅ አበሻ የለም። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባሉት አዳራሾች ሠርግ ሲደገስ ሙሽሮቹ የሚገቡት በሱ ነው።

እስኪያባራ ብዬ ከደጅሽ ብጠጋ፣
ስንት ጊዜ አባራ፣ ስንት ጊዜስ ነጋ።

የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ትንሹም ትልቁም «የታደገ ነዋ!» ብሎ ይስቅባችኋል። ታደገ ዘፈነው እንጂ አልሠራውም። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራው መክብብ ነው፤ ያ ደንዉዲ በሚባለው ሰፈር ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ፓርኪንግ በር ላይ ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ለመኪና የመግቢያውን ማገጃ እንጨት ሲያነሳና ሲያወርድ የኖረው መክብብ። የግጥሙ ደጅ ደግሞ አገር ቤት ያለው የእታገኝ አባት ደጅ ነበር። ያኔ ሁለቱም ልጆች ነበሩ፤ እሱ ከቆርቆሮው ጥግ ቆሞ ሲበሰብስ እሷ በመስኮት ታየዋለች። አዝናለት ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ደስ ብሏት ነበር።

መክብብ ድምፅ አልነበረውም። ሲያዜም የታመመ ሰው የሚያቃስት ነው የሚመስለው፤ ሰው ፊት አፉን አይከፍትም። አዲስ ነገር ሲሠራ ግን እታገኝ ዕቃ ስታጥብ ጠብቆ ከኋላዋ ይቀመጥና፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ በዚያ ድምፁ ያሰማታል። አስተያየት አይጠይቃትም። እጇን ብቻ ነው የሚያየው። ማጠቧን ከቀጠለች ስንኙን ይጥለዋል። እጇ ውሃው ውስጥ ቆም ካለ «ይሄ ይኖራል» ይልና ተነሥቶ ይተኛል። እሷም ይህን ስላወቀች አንዳንድ ቀን ሆን ብላ ሳህኑን ታንኳኳበት ነበር፤ ብሩክሄቨን ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ውላ ወገቧ ሲቆረጥ፣ ስለ ፍቅር መስማት የማያሰኝበት ቀን አለና።

ያለቀውን ዘፈን በስልክ ለዘፋኞች ያዜምላቸዋል። ለታደገም፣ ለሌሎችም። «እስኪያባራ» ያለበት የታደገ ካሴት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የመክብብ ስም የለም። ታደገ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሲታተም ተረስቶ ነው፣ በሚቀጥለው ይስተካከላል አለ። በሚቀጥለውም ተረሳ። ከዚያ ካሴት የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ፤ ታደገም ሞተ፤ እውነቱን የሚመሰክረው ቃል አብሮት ተቀበረ።

ሠርግ ላይ ግን እታገኝ በንዴት ታርራለች። ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ስለሆኑ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ዘፈኑ ሲጀመር አዳራሹ በእልልታ ይናጋል፣ መክብብ ግን ጥሬ ሥጋውን ቀና ሳይል ይበላል። ጭኑን ትቆነጥጠዋለች።

«ለምን አትናገርም?»

«ምን ብዬ? ማይክ ቀምቼ?»

«አዎ! ቀምተህ!»

«ተይ እስቲ፤ ይጨፍሩበት» ይልና አዋዜውን ያስጠጋል።

ከሞተ በኋላ እታገኝን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያንገበግባት። አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ ስሙ ከዘፈኑ ጋር ይጠራ። ከዚያ በላይ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ለቀብሩ የሕይወት ታሪክ ይነበባልና፣ ልጇ ሚካኤላ ኮምፒውተር ላይ ጻፈችላት፤ አምስት ዘፈን በስም ተጠራበት። የነፍስ አባታቸው ቀሲስ ገብረሕይወት አነበቡትና ግንባራቸውን ቋጠሩ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። መክብብ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድም ቀን ሳይቀሩ ጠይቀውታል።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ በክርስትና ስሟ፣ «ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አርፎ፣ እኛ ለነፍሱ ምሕረት እየለመንን፣ ዘፈን ይነሳል?»

«ኃጢአት ነው አባቴ? የሰው ልብ የሚያራራ ነገር ነው የሠራው እኮ።»

«እኔ አልፈርድም። ግን ለሱ ስንል እንተወው።»

ለሱ ስንል ሲሏት ደነገጠች። ጾም የማትገድፍ ሴት ናት። ስሙን አስጠራለሁ ብላ ነፍሱን ብትጎዳበትስ? ሳትከራከር ወረቀቱን መልሳ ወሰደች። በቀብሩ ዕለት የተነበበው፣ አቶ መክብብ ታታሪ ሠራተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ከዕድር የማይቀሩ ደግ አባት ነበሩ የሚል ነው። ውሸት የለበትም። ለማንኛውም ሬሳ ቢያነቡት ይሆን ነበር።

ሚካኤላ ተናደደች። አትላንታ ተወልዳ ያደገች የባንክ ሠራተኛ ናት፤ እንደ እናቷ ቁጭትን መዋጥ አትችልም። «ኦኬ ማሚ፣ እኔ ፖስት አደርገዋለሁ። ኤቭሪባዲ ያያል» አለችና የአባቷን ፎቶዎች አገጣጥማ፣ ከሥሩ «እስኪያባራ»ን አስገብታ፣ «ይህን ዘፈን የሠራው አባቴ ነው» ብላ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድምፁ ጠፋ። ማሽን ነው ያጠፋው፤ ድምፁ የሌላ ባለመብት ንብረት ነው የሚል ማስታወቂያ መጣላት። ፎቶዎቹ ያለ ድምፅ ይቀያየራሉ፤ መክብብ ዳሱ ውስጥ፣ መክብብ ሠርግ ላይ፣ መክብብ ሕፃን ይዞ። ሚካኤላ አቤቱታ ጻፈች። የአባትሽ ለመሆኑ ማስረጃ አቅርቢ አሏት።

«ማሚ፣ ላይክ፣ ምንም ፕሩፍ የለንም?»

እታገኝ እጆቿን አየች። ያላት ማስረጃ እነሱ ብቻ ነበሩ።

ፍልሰታ ሲፈታ የሽፈራው ልጅ ሄኖክ ሊያገባ ሆነ። አጠገባቸው ያለች ሴት ጥቁር ለብሳ እያለች ከበሮ ማስመታት ነውር ነውና፣ ሽፈራው ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ፈቃድ ሊጠይቅና ጥቁሯን ሊያስወልቅ መጣ።

«እትዬ እታገኝ» አለ፣ ተቀመጥ ቢባል እንቢ ብሎ፣ «እርስዎ ካልፈቀዱልን ሠርጉን ያለ ሙዚቃ እናደርገዋለን። ከመክብብ አይበልጥብንም።»

«ኧረ በስመ ሥላሴ! ሄኖክ እኮ ልጄ ነው። ዝፈኑ፣ ጨፍሩ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። "እስኪያባራ" የመክብብ ነው። ግጥሙም፣ ዜማውም።»

ሽፈራው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። መጠራጠር ፊቱ ላይ አልታየም፤ አዘነ እንጂ። «ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንበላ ስንጠጣ፣ እንዴት አንድ ቀን አይነግረኝም?»

«እሱ እንደዚያ ነው። ሰው ይወቅልኝ ሽፈራው፣ ሰው ብቻ ይወቅ...» ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ዘፈኑ ሲጀመር፣ ልትል ነበር። እንባዋ ቀደማትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

«በቃ፣ በቃ። ለኔ ይተዉት» አለ፤ የሱም ዓይን ቀልቷል። «በሕዝብ ፊት በማይክ አስጠራዋለሁ።»

የሠርጉ ቀን እታገኝ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለበሰች። ሽፈራው ራሱ በር ላይ ተቀብሎ፣ ከቤተ ዘመዱ መሐል፣ ፊት ለፊት አስቀመጣት። ከወጥ ቤቱ በር ርቃ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሚካኤላ ስልኳን አውጥታ ለመቅረጽ ተዘጋጅታለች።

መድረክ መሪው ማይኩን አነሳ። «ሙሽሮቻችን ከመግባታቸው በፊት» አለ፣ «በቅርቡ በሞት የተለዩንን ወንድማችንን አቶ መክብብን፣ ለአንድ ደቂቃ ቆመን በጸጥታ እናስባቸው።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ቆመ። አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን እንደያዘ ቆመ። እታገኝ አንገቷን ደፍታ፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ዘፈኑ ይጀመራል፣ እያለች ጠበቀች። ደቂቃው አለቀ። «እናመሰግናለን» አለ መድረክ መሪው። በሩ ተበረገደ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ሙሽሮቹ እሷ ሰምታው በማታውቀው አዲስ ዘፈን እየተወዛወዙ ገቡ።

ሽፈራው በሰው መሐል ተሹለክልኮ መጥቶ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ።

«ዘፈኑን አስወጣሁት እትዬ። ዛሬ "እስኪያባራ" የሚባል ዘፈን እንዳትነካ ብዬ ዲጄውን በእግዜር ስም አስጠንቅቄዋለሁ። ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሱ አይቼ፣ እዚህ ሰው ፊት ላስለቅስዎት? የሱ መሆኑን ባልሰማ ኖሮ አጫውተን ጉድ እንሆን ነበር።»

እታገኝ ቀና ብላ አየችው። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ግን በምን አንጀቷ ትቆጣው? ሰውዬው የልጁ ሠርግ ላይ ቆሞ ለሷ እንባ አቅርሯል። የደረሰባት በደል ሁሉ እንደዚህ በቸርነት የመጣ ነው፤ አንድ ክፉ ሰው እንኳ ቢያጋጥማት የምትጮኽበት ባገኘች ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። «ልጅህን ይባርክልህ።»

«ማሚ» አለች ሚካኤላ ሽፈራው ሲሄድ፣ ከወንበሯ ተነሥታ፣ «ሄጄ ዲጄውን ልንገረው? ሲሪየስሊ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።»

እታገኝ የልጇን እጅ ይዛ አስቀመጠቻት። «ተይ። የሰው ሠርግ ነው።»

ሙሽሮቹ እየጨፈሩ ጠረጴዛቸው አጠገብ ደረሱ። ሙሽራ ሲያልፍ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ገድ አይሆንምና እታገኝ ማጨብጨብ ጀመረች። ዘፈኑ ደህና ነው። አንድ ስንኙ ላይ ሳታስበው እጇ ቆም አለ። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ ብዙነሽ፣ የሙሽራይቱ አክስት፣ ዘወር አለች።

«ይሄ የማን ነው?»

ብዙነሽ የአንድ ወጣት ዘፋኝ ስም ነገረቻት። «አላወቁትም እንዴ? አሁን በጣም ታዋቂ ነው እኮ!»

«የዘፈነውን አይደለም። የሠራውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ብዙነሽ ግራ ገብቷት አየቻት፤ ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «እሱን ማን ያውቃል እማማ?»

እታገኝ ራሷን ነቀነቀችና ማጨብጨቧን ቀጠለች።