የተቀመጥኩት እኔ ነኝ

የታሰርኩት አሠሪዬ ክንዴን ይዘው እየጎተቱኝ ሳሉ ነው። እኔ አስፋልት ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው ቆመው «ተነሺ፣ ወረቀትሽን ልታበላሺው ነው፣ ተነሺ አልኩሽ» ይላሉ። ፖሊሱ ማን ሊሰለፍ እንደመጣ፣ ማን ሰልፈኛ ሊያስነሳ እንደመጣ ለመለየት ጊዜ አልነበረውም። የሁለታችንንም እጅ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ ኋላ አስሮ አውቶቡሱ ውስጥ አስገባን።

ካሊፎርኒያ ያለችው ኦክላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ደሞዝ ይጨመር አይጨመር እያለች ለሁለት የተከፈለችበት ዓመት ነበር። እኔ ኬር ሆም፣ የአዛውንት መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የስድስት አዛውንት ገላ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አለብሳለሁ። ቤቱ የእትዬ ነው። እትዬ የምላቸው አሠሪዬ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ነርስ ናቸው። እሳቸው በጭማሪው አያምኑም፣ እኔ አምናለሁ። ኩሽና ውስጥ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል።

የፖለቲካ እስረኛ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። የኔ ከቀትር እስከ ምሽት ነው፣ ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዓመታት የታሰሩ ሰዎች ባሉበት ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል። ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ያጣሁት ነገር በሰዓት የሚለካ ስላልሆነ እጽፈዋለሁ።

ለምን እንደተቀመጥኩ መጀመሪያ ልናገር፣ የሚያኮራ ነገር አይደለም። ከሰልፉ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሰበሰቡንና «ለመታሰር ፈቃደኛ የሆነ?» ብለው ጠየቁ። እዚህ አገር እንዲህ ያለው እስር በፈቃድ ነው። ፈቃደኛው ይመዘገባል፣ የጠበቃ ስልክ ክንዱ ላይ በማርከር ይጻፍለታል። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰው ግን እጁን እንዳያወጣ በሦስት ቋንቋ ተነግሮናል። ገብቶኛል። ሲቲዝንሺፕ አመልክቼ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነበር። ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ ትቻት የመጣሁት አዲስ አበባ እህቴ ጋ ናት። ሃያ አንድ ሳይሞላት እኔ ዜጋ ከሆንኩ ቶሎ ትመጣለች። ከሞላት ግን ሌላ ወረፋ ውስጥ ትገባለች፤ ያ ወረፋ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠበቃው ራሱ በእርግጠኝነት አይናገርም። አምስት ወር ነበር የቀራት።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ እዚያ ምድር ቤት ተቀምጫለሁ። የምታደራጀን ሴትዮ ዓይኗን ከፊት ወደ ኋላ ስታንከራትት ቆይታ እኔ ላይ አሳረፈችው። ጎረቤት ከተማ ሪችመንድ ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ በእድሜ እኩያዬ። ወንድሜ ሞቶ መርዶ የተነገረኝ ጊዜ ማንም ሳይጠራት ቤቴ መጥታ ለቅሶ ተቀምጣለች። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከሚባለው አንድም ሳይገባት፣ ፍራሽ ላይ ከሴቶቹ ጋር። ለቅሶ የደረሰችኝን ሴት ፊቷን እያየሁ እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት? እጄን አወጣሁ። ይሉኝታ ነው እንግዲህ፣ ሌላ ስም የለውም። ስለ ወረቀቴ ብነግራት ራሷ እጄን ታወርደው ነበር። አልነገርኳትም።

እትዬ እንዴት እንደሰሙ አላውቅም። ሰልፉ ላይ ድንገት መንገዱን አቋርጠው ሲመጡ ነው ያየኋቸው፣ የሥራ ጫማቸውን እንዳደረጉ።

ያሰሩን የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ቢሆን ነው። መቀመጫው ከግድግዳው የወጣ ኮንክሪት፣ ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የብረት ሽንት ቤት አለ። በረኪናና የቆየ ላብ ይሸታል። ቅዝቃዜው ከወለሉ ተነስቶ በጫማ በኩል ይገባል። ሌሎቹን ሴቶች ትልቁ ክፍል አስገቧቸው፤ እኛ መጨረሻ ላይ ስለደረስን ሁለታችንን ብቻ እዚህ ዘጉብን።

እትዬ ክፍሉን አንዴ ዞር ብለው አዩት፣ አዲስ ታካሚ የሚገባበትን ክፍል እንደሚያዩት።

«በሩ ፊት ለፊት አትቀመጪ፣ ንፋስ አለው። ከሽንት ቤቱም ራቅ በይ። እዚህ ነይ» አሉኝ።

«ያውቁበታል» አልኳቸው።

«ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ሦስት ወር።»

ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም። «ምን አድርገው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ምንም። አንቺስ ምን አደረግሽ?» አሉና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

በበሩ መስታወት በኩል የኮሪደሩ ሰዓት ይታያል። እትዬ ዓይናቸው ከእሱ አልተነቀለም። ቤት ውስጥ ስኳር ያለባቸው አንድ አዛውንት አሉ፣ አላሜዳ ወደብ መርከብ ሲበይዱ የኖሩ። ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር አራት ሰዓት ላይ የኢንሱሊን መርፌ አላቸው። መርፌውን የሚወጉት ላይሰንስ፣ የሙያ ፈቃድ፣ ያላቸው እትዬ ብቻ ናቸው፤ የዚያን ቀን ቤት የቀረችው ሠራተኛ አትችልም። የሰውዬው ልጅ ሳኒቬል የሚባል ከተማ ኢንጂነር ነው። አባቱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር የውርስ ታክስ ካልቀረ አገሩ አለቀለት እያለ ያስረዳኛል፤ አባትየው ደግሞ እኔ ሳልሞት ነው እንዴ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

«የናንተ ጭማሪ ከማን ኪስ የሚወጣ ይመስልሻል?» አሉኝ እትዬ ድንገት።

«አሁን ይህን እናውራ?»

«ሌላ ምን ሥራ አለን? ለሀብታሙ ታክስ ይቀንሱለታል። ለሠራተኛው ደሞዝ ጨምሩ ይላሉ። መሀል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። የስቴቱ መንግሥት ለአዛውንቶቹ የሚከፍለኝ ያው ነው፣ አልጨመረም። ከየት ላምጣ?»

«እኔስ ከየት ላምጣ፣ እትዬ? ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል። ሁለት ሥራ ሠርቼ አንድ ክፍል ከሰው ጋር ተጋርቼ ነው የምኖረው። ሀብታሙን ትተው እኔን ይቆጣሉ።»

«የሀብታሙን ደጅ ማን ያስገባኛል?»

«እኛንስ ማን አስገባን? መንገድ ላይ የተቀመጥነው ለዚያ አይደል?»

እንደገና ሰዓቱን አዩ። ምሳ በወረቀት ከረጢት መጣ፣ ቀዝቃዛ ዳቦና አንድ አንድ ብርቱካን። እትዬ የሳቸውን ብርቱካን ልጠው ግማሹን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አልበላሁትም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ እልህና ጫጫታው ይዞኝ ነበር። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፣ ታስረው ያውቃሉ ወይ የሚል። ስሞላው ሳልጨነቅ «የለም» ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ኢንተርቪው ላይ ሲጠይቁኝ «አዎ» እላለሁ። የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ ይሉኛል። ወረቀቱ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። ልጄ ሃያ አንድ ይሞላታል። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ደግሞ አንድ ሰው እንዳይከፋት ብዬ ነው።  በጣም ሲጨንቀኝ ሰው ላይ እጮኻለሁ፣ መጥፎ ጠባይ ነው። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ናቸው።

«እርስዎ ለኔ ወረቀት ብለው አይደለም የመጡት» አልኳቸው። «የከሰዓቱ ሺፍት ባዶ እንዳይሆንብዎ ነው።»

አላዩኝም። ሻሻቸውን ፈቱ፣ ጭናቸው ላይ አጠፉት፣ እንደገና አሰሩት። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ። አይዞሽ አላሉኝም። ግን አልራቁኝም፣ ትከሻቸው ትከሻዬን እንደነካ ነበር።

ሰዓቱ ሦስት ከሃያ ሲል በሩ ተከፈተ። የገባችው ኦፊሰር መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ የሰቀለች፣ የደከማት ሴትዮ ናት። ወረቀቷን እያየች ተናገረች።

«ከቤታችሁ ተደውሏል፣ መርፌ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ ይላሉ። ሪፖርቱ ላይ አንዷ ተቀምጣለች፣ አንዷ ቆማ ትጎትታለች ይላል። የትኛዋ የቱ እንደሆነች አልተጻፈም። የቆመችውን አሁኑኑ ሳልመዘግብ እለቃታለሁ፣ ታሰረችም አይባልም። የተቀመጠችው ግን ትመዘገባለች። የተቀመጠችው ማን ናት?»

አፌን ሳልከፍት እትዬ ተነሱ።

«እኔ ነኝ» አሉ በዚያ በቀስታ በሚናገሩት የነርስ እንግሊዝኛቸው። «እሷ ሠራተኛዬ ናት። እኔን ልታስነሳ ነው የመጣችው። እንግሊዝኛ አይገባትም፣ ፖሊሱ ያለውም አልገባትም።»

ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ በአማርኛ፣ «ዝም በይ። ቤት እንደደረስሽ ለሰውዬው አምቡላንስ ጥሪ። በማርያም፣ ዝም በይ።»

እሳቸው ላይ መዝገብ ቢከፈት ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። የኬር ሆም ላይሰንስ ያለው ሰው ከታሰረ ስቴቱ ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ሊዘጋም ይችላል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ይህን ለሁሉም የሚያስረዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቤቱ ሃያ ዓመት የለፉበት ነው። ከደቂቃዎች በፊት ለሺፍትዎ ነው ያልኳቸው ሴት ቤታቸውን አንስተው ሰጡኝ።

ከኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም አልኩ። ይህን አልደብቅም። ልጄን አየኋት፣ አሁን ያለችውን ሳይሆን ኤርፖርት ላይ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ የቆመችውን የዘጠኝ ዓመቷን። ኦፊሰሯ መነጽሯን አውርዳ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እስክታሳርፍ ድረስ ዝም አልኩ።

ያስነሳኝ «አይገባትም» የሚለው ነው መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎች ፊቴ ቆመው፣ አይገባትም ተባብለው፣ ስለኔ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሁሉም ገብቶኛል። ደግሞ ስኳር ያለባቸው አዛውንት ክንዳቸውን አዘጋጅተው እትዬን ሲጠብቁ ታዩኝ። እጄን ያወጣሁት በይሉኝታ ነው፤ መንገዱ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንዘምር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን ደስታ ለሌላ ሰው ስጪ ሲሉኝ እምቢ አለኝ።

እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩና ክንዴን ለኦፊሰሯ ዘረጋሁላት። የጠበቃው ስልክ በማርከር እንደተጻፈ አለ።

«እንግሊዝኛ ይገባኛል» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ፖሊሱ ተነሱ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሦስቱንም ጊዜ ሰምቻለሁ። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ነርስ ናት፣ በሽተኛው የሚጠብቀው እሷን ነው።»

ቁጥሩን አየችው፣ ከዚያ ፊቴን። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

እትዬ አልተከራከሩም። የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ሹራባቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ።

«ልጅሽስ?» አሉኝ።

ሹራቡን ወደ አንገቴ ሳብኩት። «ይሂዱ እትዬ፣ አራት ሊሆን ነው» አልኳቸው።

ወጡ። ግማሹ ብርቱካን አጠገቤ ነበር። ደርቆ ጠርዙ ጠንክሯል። በላሁት።

ምሽት ላይ ፈቱኝ። ያቺ የሪችመንድ ሴትዮ ደጅ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ያኔ ነው ስለ ልጄ የነገርኳት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔ ሳጽናናት አመሸሁ።

ክሱን ከጥቂት ወራት በኋላ ተዉት። ግን ኢንተርቪው ላይ የፈራሁት ነው የሆነው፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ወረቀቱ እጄ ሲገባ ልጄ ሃያ አንድ ዓመት ከስድስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ዜግነቱን አገኘሁ። እጄን አንስቼ ስምል ደስ አላለኝም።

ጭማሪው በዚያው ዓመት ምርጫ አለፈ። እትዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው አስተካክለው ከፈሉን። የቅዳሜና የእሑዷን ሠራተኛ አሰናብተው በዚያ እድሜያቸው ራሳቸው ይሠሩ ጀመር። ያቺ ሴት እንደኔው ልጅ አላት። እትዬ አሁንም ጭማሪው ስህተት ነው ይላሉ፣ እኔ ልክ ነው እላለሁ፣ ኩሽና ውስጥ ድስት እያጠብን እንጨቃጨቃለን። አንድ ቀን ስለዚያ ንግግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«የቱ ንግግር?» አሉኝ።

«ለሺፍትዎ ነው ያልኩዎት።»

«እሱማ እውነትሽን ነው። ሺፍቱም አሳስቦኝ ነበር» አሉና ሳህኑን አቀበሉኝ።

ልጄ አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። እስካሁን ወረፋው ላይ ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ አክስቷ ታወራኛለች፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «እማዬ፣ ምን አሉሽ?» ትለኛለች። «ኦፊሱ ነው ያዘገየው» እላታለሁ። ለማላውቃት ኦፊሰር በሰው አገር ቋንቋ እውነቱን ተናግሬያለሁ። ለልጄ በራሴ ቋንቋ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።