የቀዮቹ ሱሊቫኖች መቃብር

እኛ አገር ሰው ሁሉ ሱሊቫን ነው። ፖስተኛው ሱሊቫን፣ ቄሱ ሱሊቫን፣ ቄሱ የሚገሥጸው ሰካራምም ሱሊቫን። እኔ ከሃሪንግተኖች ቤት መጥቼ ሱሊቫን አገባሁ፤ ልጆች ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ዛሬም «ኖኒ ሃሪንግተን» ነው የሚሉኝ። ትናንት ከመርከብ የወረድኩ ይመስል! ከኮረብታው ማዶ እኮ ነው የመጣሁት።

ሁሉም አንድ ስም ሲሆን መለያ ያስፈልጋል። የአንዱ ቅድመ አያት ጸጉሩ ቀይ ነበር አሉ፤ ዘሩ በሙሉ «ቀዮቹ» ተባለ። ዛሬ ጸጉሩ ከሰል የሚመስል ልጅ ቢወለድላቸውም ያው ቀይ ነው። የሌላው ቅድመ አያት በግራ እጁ ያጭድ ነበር፤ የሱ ወገን «ግራኞቹ» ሆነ። ከዚያ ውጭ ሰውን በአባቱ፣ በአያቱ እየጠራህ መድረስ ነው፤ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ስም የሚጠይቅህ ፖሊስ ብቻ ነው።

ሙርቲ ጎረቤታችን ከቀዮቹ ነው። እግዜር ሲፈጥረው አፍ ሰጥቶት መዝጊያውን ረስቶበታል እንል ነበር። በተለይ የስም ነገር ከተነሣ አለቀልህ፣ ሻይህ በረዶ እስኪሆን ያወራሃል። ሱሊቫኖች ድሮ በምሥራቅ፣ ቲፐራሪ በሚባል አገር ለም መሬት ላይ ነበሩ፤ ብረት ለባሽ ፈረሰኞች ከባሕር ማዶ መጥተው ነቀሏቸውና እየገፉ እየገፉ እዚህ ድንጋይ ላይ ጣሏቸው ይላል። «ከዚህ ወዲያ ባሕር ስለሆነ ነው የቆምነው እንጂ እስካሁን እየሮጥን ነበር!» ከስማችን ፊት የነበረችው «ኦ»፣ «ኦ ሱሊቫን» የምታሰኘው፣ የልጅ ልጅ ማለት ናት። እንግሊዞች በገዙን ዘመን ብዙው ሰው ጣላት፤ ዘመኑ ሲለወጥ ግማሹ መልሶ አነሣት። ሙርቲ በዚህ ይናደዳል። «ካፖርት ነው እንዴ፣ ሲበርድ የሚለበስ ሲሞቅ የሚወልቅ?»

አንድ በጋ አንድ አሜሪካዊ መጥቶ «ቅድመ አያቴ ጆን ሱሊቫን ከዚህ ነው የሄደው፤ የምታውቁት አለ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሙርቲ ኮስተር ብሎ «እዚያ አጥር ላይ ውጣና ድንጋይ ወርውር፤ አንድ ጆን ሱሊቫን ሳትፈነክት አትቀርም» አለው። ሰውየው ግራ ገባው። ባሌ ባት ሳቁ ሊገድለው ደረሰ።

ያ አፍ ነው የተዘጋው። ወይ ነዶ!

የሆነውን ልንገራችሁ። ያኔ ማናችንም አናውቀውም ነበር፤ ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን፣ ምን ዋጋ አለው።

የሙርቲ ሚስት ሺላ ከግራኞቹ ወገን ነበረች። አማቷ ቁም ስቅሏን አሳየቻት። ቡናማ ዳቦዋ አይጣፍጥም፣ ሳቋ ይበዛል፣ እጇ እንደ ዘሯ ጠማማ ነው። ሺላ በሁለተኛ ልጇ ወሊድ ታመመች፤ ልጁም አልተረፈ። ልትሞት ስትል ሙርቲን ጠርታ «በቁሜ ከእናትህ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬያለሁ፤ ስሞት ግን እምቢ። ከእናቴ ጋር ቅበረኝ» አለችው። እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድ ድሮ ነውር አልነበረም፤ ሴት ብታገባም የወገኗ ናት፣ ወደ ወገኗ አፈር መመለስ መብቷ ነው። አሮጊቷ ግን ጮኸች። «ምራቷ ከሷ ሸሽታ ተቀበረች ሊባልብኝ ነው? አገር ምን ይለኛል?»

ሙርቲ በሁለቱ መካከል ተሰነገ። መጨረሻ ላይ ሬሳዋን ለሚስቱ፣ ስሟን ለእናቱ ሰጠ። ሺላን መቃብር ቦታው ውስጥ በባሕር በኩል ካለው ግንብ ሥር፣ ግራኞቹ የሚቀበሩበት ጥግ፣ ስም የሌለው የሜዳ ድንጋይ ሥር አስተኛት። ስሟን ግን በቀዮቹ ትልቅ የመቃብር ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። በኋላ አሮጊቷም ሞታ እዚያው ገባች፤ ስሟም ከሺላ ስም በታች ተጻፈ።

የቆፈሩትም፣ በቀብሩ የቆሙትም አንድ በአንድ ሞቱ። ግራኞቹም ቤታቸውን ዘግተው ወደ አሜሪካ፣ ወደ እንግሊዝ ተበተኑ። ባት ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ዋሻ ሲቆፍር ነበር፤ እኔም ገና አላገባሁም። የቀረነው ሰዎች የምናምነው ድንጋዩን ነው። ለምን አናምንም? ተጽፏል እኮ!

ፍሎር የሚባለው የሙርቲ አንድያ ልጅ ሚስት ሳያገባ ከአባቱ ጋር ኖረ። ባሕር ላይ የሚበላ የዛጎል እንስሳ ያረባል፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር። መጠጥ ቤት ሁለተኛዋን ብርጭቆ ሲጨርስ ባትን ክንዱን ይዞ፣ «ስሞት ከእማዬ ጋር ነው የምትቀብረኝ፣ ሰማህ?» ባትም «ቃሌ ነው። አንተ ግን እኔን ትቀብራለህ እንጂ!» ይለዋል። የት እንደተኛች አልተናገረም። ሁሉም ያውቃል ብሎ ነዋ!

ሙርቲን አምና ክረምት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ተኛ፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ስም ተጠራርጎ ሄደ። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፤ «አዎ»። ሻይ ትፈልጋለህ? አዎ። አትፈልግም? አዎ። ትቆጣለህ? አዎ! እጁን ጨብጥና መልስ ብንለው ለሁሉም ይጨብጣል። ፍሎር ግን ዓይኑን እያየ ይገባው ነበር።

ከዚያ ፍሎር ጠዋት ጀልባው ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። አባት ቀረ፣ ልጅ ሄደ።

እኛ ዘንድ መቃብር የሚቆፍሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ ዘመድ አካፋ አይነካም። ግን ሳይጠየቅ አይቆፈርም። ባት ቆቡን አውልቆ ሙርቲ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ሙርቲ፣ ፍሎርን ከእናቱ ጋር ነው አይደል? ቀዮቹ መቃብር?»

«አዎ»፣ አለ ሙርቲ። ከዚያ «አዎ! አዎ! አዎ!» እያለ በግራ እጁ የዊልቸሩን ክንድ ይደበድበው ጀመር። ፊቱ በዕንባ ታጠበ። ባትም ተነሥቶ ትከሻውን አቀፈውና፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቃል ገብቼለታለሁ» አለው። እኔ ምድጃው አጠገብ ሆኜ አለቀስኩ። ያየነው የአባት ሐዘን ነው፤ ሌላ ምን እናስብ?

ሲቆፍሩ አንድ የበሰበሰ ሳጥን አገኙ። አሮጊቷ ከጎኗ ያለች መስሏቸው «ሺላ ናት፣ ነፍስ ይማር» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አሮጊቷ ነበረች።

በቀብሩ ዕለት ዊልቸሩን የምገፋው እኔ ነበርኩ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ሙርቲ ጎማውን ያዘ። ዓይኑ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ግንቡ ጥግ ነው፤ ያቺ ደህና እጁ ወደዚያ ትዘረጋለች። ነፋሱ ከዚያ በኩል ነበር የሚመጣው። ብርዱ ገብቶት ነው ብዬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳብኩለት። እጁንም ከውስጥ ከተትኩለት። አንጀቴ እስካሁን የሚቃጠለው በሷ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሁለተኛው ስትሮክ መታውና ግራ እጁም ተኛች። እኔ ደግሞ በየእሑዱ በቀዮቹ ድንጋይ ፊት አቆመው ነበር፣ ይጽናና ብዬ።

በጸደይ አቢና ከእንግሊዝ መጣች፤ የሺላ ታናሽ እኅት ናት። ዳሌዋን ተሰብራ ለቀብሩ አልደረሰችም። አንድ እሑድ ድንጋዩ ፊት ቆመን ሳለ አበባ ይዛ ገባች፣ በእኛ በኩል አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ግንቡ ጥግ ሄደች። የሜዳ ድንጋዩ ሥር ሣሩ እንዳለ ነው።

«ፍሎርስ? የት አደረጋችሁት?» አለች።

«እዚህ ነዋ፣ ከእናቱ ጋር» አላት ባት፣ ድንጋዩን እያሳየ።

«የኔ እኅት እኮ እዚህ ነው ያለችው! እዚያ ያለችው አማቷ ናት! ደንቆሮዎች፣ እኅቴ እስክትሞት የሸሸቻት ሴትዮ ላይ ልጇን ጫናችሁት?»

ባት አፈር መሰለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልበላት አልኩና ዋጥኩት፤ እሷ ምን አጠፋች። ሙርቲን ዞሬ ሳየው አቢናን እያየ ነበር። እንዲያ ያለ ዓይን ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ አላይም።

ቄሱ ጋ ሄድን። ሬሳ ለማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል አሉን። ደግሞም የቅርብ ዘመድ ይጠየቅ፣ አባትየው ይስማማ አሉ። ይስማማ! ባት ከዚያ ቀን ወዲህ መጠጥ ቤት አልረገጠም፣ አካፋውንም ጓዳ ቆልፎበታል። «ቃሌን ጠብቄ ነው ያፈረስኩት» ይለኛል። ሻዩን እቀዳለታለሁ።

ባለፈው እሑድ ሙርቲን እንደገና ወሰድነው፤ በቀዮቹ ድንጋይና በግንቡ ጥግ መሐል አቆምነው። ፊቱ ተንበረከክኩ።

«ሙርቲ፣ የኔ ጌታ። ፍሎርን እናውጣው?»

«አዎ።»

ደስ አለኝ። ግን ልቤ አላርፍ አለ። «ወይስ እንተወው፣ ይረፍ?»

«አዎ።»

ዓይኑ ውስጥ ፈለግሁ። ፍሎር ያነበው የነበረውን እኔ አላነብም። ግራ ሲገባኝ የማይጠየቀውን ጠየቅሁት። «አንተስ፣ ቀንህ ሲደርስ? ከሺላ ጋር?»

«አዎ።»

«ከልጅህ ጋር?»

«አዎ» አለ፤ ዕንባው አገጩ ላይ ደረሰ፣ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ጠረግሁለት።

ባት ከኋላ ወንበሩን ይዞ ቆሞ ነበር። «በቃ ኖኒ» አለኝ። «በማርያም፣ ከእንግዲህ አትጠይቂው።»

«አዎ» አለ ሙርቲ።