ሰማያዊውን በር ያንኳኩ

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው እንደ ደረቀ ነው። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁት ምንም አልቀረባቸውም።

ሰውየው የጉዞ መምሪያ መጻሕፍት ያሳትማል። ሱሉልታ ላይ ትልቅ ቤት ሠርቶ፣ በአጥር ላይ አጥር ደርቦ፣ ቡናማ የብረት በሩን ዘግቶ ይኖራል፤ ስላስቆፈረው የጉድጓድ ውሃ በየለቅሶው ያወራል። ያን ጊዜ ከሰበታ ተነሥቶ በመናገሻ ጫካና በቡራዩ በኩል ሱሉልታ የሚደርስ፣ ቀናት የሚያስኬድ የእግር መንገድ በመጽሐፉ ሊያስገባ ፈለገና እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከባሌ ጋር ያን መንገድ ደጋግመን ሄደንበታል።

“እትዬ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም” አለኝ።

እውነቱን ስለሆነ ጻፍኩለት። ውሃ የት እንዳለ፣ ክፉ ውሻ የት እንዳለ፣ ከየት እስከ የት ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ። ቡራዩ ዳር ያለው መታጠፊያ ሰው ስለሚያሳስት “ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ሲያዩ ወደ ግራ ይታጠፉ” ብዬ ጨመርኩ። በሩ የእኔ ነው። በሰፈሩ ሌላ ቀለም የተቀባ በር ስለሌለ እንጂ ለመታወቅ ብዬ አልነበረም።

መጽሐፉ መውጣቱን ያወቅሁት በሩ ሲንኳኳ ነው። ሊመሽ ሲል አንድ ወፍራም ሰውዬና ሚስቱ ሻንጣ ተሸክመው ቆመዋል። ሰውዬው አንድ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

“እማማ፣ እንግዳ ወዳዷ እርስዎ ነዎት?”

“ማን ነው እንደዚያ ያለኝ?”

“መጽሐፉ።”

ሚስቱ ገጹን ገልጣ በበሩ ክፍተት አሳየችኝ። “ሰማያዊውን በር ያንኳኩ። የቤቱ እመቤት እንግዳ ወዳድ ናቸው፤ ውሃም ማረፊያም አያጡም” ይላል። የጻፍኩት ሰዓት በሙሉ ወጥቶ በየቦታው “ቅርብ ነው” የሚል ገብቷል። ከመናገሻ ቡራዩ ቅርብ ነው። ከቡራዩ ሱሉልታ ቅርብ ነው። ስሜን ፈለግሁት፤ “ቤተሰቦቼን አመሰግናለሁ” በሚለው ውስጥ ሳልጠቃለል አልቀረሁም።

“ከጠዋት ጀምሮ ቅርብ ነው” አለች ሚስቱ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

ውሃ ሰጠኋቸው። መቼስ ምን አደርጋለሁ። ሲሄዱልኝ ለባሌ ወንድም ስልክ ደወልኩለት።

“እትዬ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው!” አለኝ። “ስንቱ እንዲህ በተጻፈልኝ ይላል!”

“አንተ፣ ከወንድምህ ለቅሶ ወዲህ እኔ ቤት ውሃ ጠጥተህ ታውቃለህ?”

“አልጠጣሁም።”

“ታዲያ እንግዳ ወዳድ መሆኔን ማን ነገረህ?”

መልሱን ሳልጠብቅ “ሰዓቱንስ ምን በላው?” አልኩት።

“ሰዓት አንባቢ ያስፈራል። ደግሞ ራሴ በየመንገዱ የአገሬውን ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሁሉም ቅርብ ነው ነው ያሉኝ።”

ከጠየቃቸው አንዱ ገበሬው ጎረቤቴ ነበሩ። ኦቦ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሄጄ ተቆጣኋቸው።

“ኦቦ፣ ሱሉልታ እንዴት ብሎ ነው ቅርብ የሆነው?”

“አሱማ አልኩት” አሉኝ፤ እዚሁ ነው ማለታቸው ነው። “መንገደኛ ሲጠይቀኝ ሩቅ ነው ብዬ ጉልበቱን ልስበረው? ደግሞም መኪና ላይ ነበር። መስኮቱን እንኳ ግማሽ ነው ያወረደው።”

ምን ይባላል? እዚህ አገር መንገደኛን “ቅርብ ነው” የሚሉት ለማበርታት ነው። የባሌ ወንድም ይህን አጥቶት አይደለም፤ የገዛ አባቱ ለመንገደኛ ሁሉ እንደዚያ ሲሉ እየሰማ ነው ያደገው። ግን መሪ ጨብጦ ሲሰማው ልኬት መሰለው።

ያን በጋ በሩ አላረፈም። ቅርብ ነው የተባለ ሁሉ እኔ ደጅ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። አንዱ እግሩን ታጥቦ ካልሲውን ጽጌረዳዬ ላይ አሰጣ። አንዱ “እራት ስንት ሰዓት ነው?” አለኝ። አንዲት ልጅ ከላይ እስከ ታች አይታኝ “መጽሐፉ ላይ እንደተጻፉት አይደሉም” አለች። እሷ ብቻ ናት ልክ የነበረችው። ያንን ቤት ከባሌ ጋር የሠራነው በር ዘግተን ዝም ለማለት ነበር። እሱ ሲሞት የቀረልኝ ዝምታው ነው፤ እሱንም ወንድሙ በመጽሐፍ ሸጠብኝ።

በዓመቱ ሙዝ ይዞ መጣ። አንባቢዎች ተቆጥተዋል፤ መናገሻ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ያደሩም ነበሩ። ለሁለተኛው እትም “ያሻሽሉልኝ፣ እትዬ” አለ።

“አንዲት ፊደል ሳትነካ ታሳትማለህ?”

“አሳትማለሁ።”

“ማልልኝ።”

“በወንድሜ አጥንት!”

መንገዱን እንደገና ሄድኩበት። ኦቦም “ሱሉልታ ጉዳይ አለኝ” ብለው አብረውኝ ተነሡ። በየዳገቱ ቆሜ ስተነፍስ “አሱማ” ይሉኛል፤ ዞሬ ሳያቸው ይስቃሉ። ሰዓቱን በሙሉ መለስኩት። ለእግረኛውም እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ “ሩቅ ነው ወይ ብለው አይጠይቁ። ‘ለገበያ ሲሄዱ ከቤት ስንት ሰዓት ይነሣሉ?’ ብለው ይጠይቁ፤ እውነቱን ያገኛሉ።” መታጠፊያው ላይ ድንጋይ አስተከልኩና በበሩ ፋንታ ድንጋዩን አስገባሁ።

የመጨረሻው ገጽ ሱሉልታ ነው። “ከተማው ሲገቡ ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ የሚገኘው ቡናማ የብረት በር ካለው ቤት ነው። ባለቤቱ እንግዳ ወዳድ ናቸው። ወዲያው ካልከፈቱ አይሂዱ፤ ደግመው ያንኳኩ።” ውሸት የለበትም፤ ውሃው ንጹሕ ነው።

ደወለ። “እትዬ፣ ይህቺን መጨረሻ ላይ ያለችውን...”

“ምለሃል።”

“ቢያንስ ‘ደግመው ያንኳኩ’ የምትለዋን?”

“በማን አጥንት ነበር የማልከው?”

እንዳለ ታተመ።

እኔ ቀለም ገዝቼ በሩን ግራጫ ቀባሁት።