አሰላ ላይ የዘራሁት ቲማቲም

አሥር ዓመቴ ነበር። አክስቴ ወልዳ ስለነበር እናቴ «ክረምቱን ብቻ እርጃት» ብላ ከኦጎልቾ አሰላ አምጥታኝ ተመለሰች። መቼም ቆላ ያደገ ልጅ ሰኔ ላይ አሰላ ሲገባ ጥርሱ ከጥርሱ ይጋጫል። ማልቀስ ጀመርኩ። «መቼ ነው ቤታችን የምሄደው?» እያልኩ አክስቴን አሰለቸኋት።

አንድ ቀን ለወጥ ቲማቲም ስትከትፍ ፍሬውን በቢላዋ ጫፍ ጠርጋ መዳፌ ላይ አደረገችና፣

«በይ፣ ጓሮ ዝሪው። ቲማቲምሽ የቀላ ቀን መኪና ላይ አሳፍርሻለሁ» አለችኝ።

ደስታዬን ብታዩት! እኛ ዘንድ ቲማቲም እኮ የዕቃ እጣቢ በደፉበት ሁሉ በቅሎ ይቀላል። ጎመኑና ድንቹ መሀል ትንሽ መደብ አበጀሁ። በቀለልኝ። በረዶ ሲወርድ ጎንበስ ብዬ በጀርባዬ እከልልለት ነበር።

ትምህርት ቤት ሲከፈት እዚያው አሰላ አስመዘገበችኝ። ቲማቲሙ ገና ማበቡ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ፍሬ ያዘ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። ጎረቤታችን ሴትዮ በአጥር ብቅ ይሉና፣

«አንቺ ቆለኛ፣ ዛሬም አልቀላም? ሊፕስቲክ ላምጣልሽና ቀቢው!» ይሉኛል።

አክስቴ ልጇን እያጠባች እስክታነባ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የሚስቁት በቲማቲሙ መስሎኝ።

ብርዱ ሲጠና ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት አለብሰው ነበር። አንድ ምሽት አክስቴ ከረጢቱን ገፍፋ ድንች ከተተችበት። «ሰው ብርድ ልብስ አጥቶ አንቺ ለቅጠል ታለብሻለሽ?» አለች። ያን ሌሊት ውርጭ ጣለ። ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ የፈላ ውኃ የደፉበት መስሎ ጠቁሯል፤ ፍሬው ስነካው ለስልሷል። እየጮህኩ ገባሁ።

«አክስቴ፣ ቲማቲሜ ጠቆረ!»

«ጠቆረ ነው እንጂ ቀላ አላልሽኝም።»

«አሁንስ መቼ ልሄድ ነው?»

«የኔ ሞኝ፣ አሰላ ጓሮ ቲማቲም ሲቀላ ማን አይቶ ያውቃል? እኛስ ከናንተው አገር የመጣውን አይደል የምንበላው?»

ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤታችን እንኳን በዚህኛው አልሳቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

አክስቴ ከሰዓት በኋላ ግንዱን ነቅላ ለላሟ ሰጠች፤ በቦታው ነጭ ሽንኩርት ተከለችበት። ከዚያ እጇን ታጥባ ለእናቴ ስልክ ደወለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ «ለምዳለች፤ አልሄድም ብላለች» አለቻት።